የአስኳሉ ደጆች

ሱር ላይ፣ ከባሕሩ ዳር፣ ከቧንቧው ጫካ ሥር፣
የሌሊት ተረኛ ነኝ፤ መግቢያ ስሜም «ሥር»።
ሥር ማለት እኛ ዘንድ ከልካይ የሌለው፣
ቢገነባ፣ ቢንድ፣ «ለምን?» የማይባለው።

ፋብሪካው ባሕሩን ተጎንጭቶ በጥም፣
ጨዉን ይተፋዋል፤ ውኃውን አይውጥም፤
ይልከዋል ወደ አይጃ፣ ወደ ጀልባ ሠሪው፣
ወደ ሆስፒታሉ፣ ወደ ዳቦ ጋጋሪው፣
ንጋት ላይ እጁን ለሚታጠብ ሰጋጅ፣
ሳይዘገይ፣ ሳያንስ፣ እስከየሰዉ ደጅ።

ይህን ሁሉ ፓምፕ የሚያዝ አንድ ሣጥን አለ፣
እንደ እንቁላል በሆዱ አስኳል ያዘለ።
ቢጁ «ከርነል» ይለዋል፤ እኔ ግን አስኳል፤
ስሙ ምንም ቢሆን፣ ከተሰበረ ይፈስሳል።

ባለፈው ረቡዕ አንድ የኮንትራት ሠራተኛ
ፍላሽ ሰክቶ ሄደ። መጥፎ ሰው አልነበረም፣ ቸኩሎ ነው እንጂ።
አስኳሉም በሩ ክፍት ነበርና
የማያውቀውን እንግዳ እንደ ዘመድ አስገባ።
ለዐስር ሶላት ውኃ የለም። ሦስተኛው ፓምፕ ዝም።
የክሎሪኑ መለኪያ እንደ ሰከረ ሰው ቁጥር ይለፈልፋል።
ኡስታዝ ሐመድ መጣ፣ ዲሽዳሻው እስከ ጉልበቱ ረጥቦ፦
«ፈትለወርቅ፣ ዝጊው። የማያስፈልገውን ሁሉ ዝጊው።»

ዘጋሁ።
ፊርማ የሌለው ሞጁል ከእንግዲህ አይገባም።
አንዱ ፕሮግራም የሌላውን ሆድ ዕቃ
ገልጦ የሚያይበት ቀዳዳ ተደፈነ።
ተራው ተጠቃሚ ጓዳ ቀልሶ
በጓዳው ውስጥ ራሱን የሚያነግሥባት ዘዴ፣
(ስንቱ ቤት የተዘረፈው በእሷ ነው!)
እሷም ቀረች።
«አንዷን እንኳ ተይልኝ» አለ ቢጁ፣
«ጥገና ሲመጣ በላብ እጠመቃለሁ።»
«ላብህን የምትታጠብበት ውኃ ይኑር፣ ቢጁ።»

የቀረሁት እኔ ነኝ።
ስሜን የሰረቀ እኔን ይሆናልና፣
«ሥርም ቢሆን ከአስኳሉ ላይ እጁን ያንሣ» ብዬ ጻፍሁ።
መክፈት የሚሻ በአካል ይምጣ፣
ደረጃውን ይውጣ፣ መዝገብ ላይ ይፈርም፣
ማሽኑን አጥፍቶ ያስነሣ፣ ቁልፉን በጣቱ ይጫን።
ከዚያ፣ ልሞክረው ብዬ፣ የከለከልሁትን አዘዝሁት።
«ፈቃድ የለህም» አለኝ፣ ሴት መሆኔን እንኳ ሳያይ።

ሳቅሁ። ለብቻዬ፣ ከማራገቢያው ጩኸት ጋር።
ይህን ቃልማ አውቀዋለሁ።
ሦስተኛ ፎቅ፣ ሠራተኛ አስተዳደር፣ አንድ የብረት መሳቢያ አለ፤
ፓስፖርቴ እዚያ ነው፣ «ለደኅንነቱ» ተብሎ።
ለወንድሜ ሠርግ ፈቃድ ጠየቅሁ፤
ፈቃድ የለሽም።
በአካል ሄድሁ። ደረጃውን ወጣሁ። ፈረምሁ።
መሳቢያው አላወቀኝም።

እኔም ዘጊ ነኝ፣ መዝጋትን አልጠላም፤
ምክንያቱን የዋጠ ቁልፍ ግን አላምንም።

ስለዚህ የደንቡን ወረቀት ስጽፍ፣
ከታች፣ ከቀኑ በላይ፣ አንድ መስመር ጨመርሁ፦
«የዘጋ ሁሉ ምክንያቱን ይጻፍ፤ ባለቤቱ በአካል ሲመጣ ይከፈት።»
ኡስታዝ ሐመድ ከሱብሒ በፊት ገባ፣
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አነበበ።
«ይህ ለማሽኑ ነው?»
«ለሚቆለፍ ሁሉ» አልሁት።
ብዕሩን አነሣ። ቆየ። ወደ ጣሪያው አየ፣
ወደ ሦስተኛው ፎቅ ይሁን፣ ወደ ፈጣሪው፣ አላወቅሁም።
ፈረመ።

ሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ነው።
ሦስተኛው ፓምፕ ያጉረመርማል፣ እንደ ጤነኛ ሽማግሌ።
አይጃ ውስጥ አንድ ሰው ቧንቧ ከፈተ መሰለኝ፤
መስኮቴ ላይ ቁጥሩ በአንድ ዝቅ አለ።
ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትሁ።
አስተዳደር የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ላይ ነው።